የአስታ ሜዳ ሠላሳ አንድ ወረቀቶች

ደርቤ ዓለምብርሃን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጽፋት የኖረች አንዲት ቃል አለች፦ «ተረጋግጧል»። ከቃሏ ሥር ስሙን፣ ከስሙ ሥር ቀኑን ይጽፋል። ከዚያ ከካኪ ቦርሳው ክቡን ማኅተም አውጥቶ ያሳርፍበታል።

የሚኖረው ዳባት ከተማ ነው። የአራት ቀበሌ የግብርና ሱፐርቫይዘር ነው። ገበሬውን የሚያስተምሩት የልማት ሠራተኞች ናቸው፤ የእሱ ሥራ እነሱ ሠራን ያሉትን መሥራታቸውን ማየት ነው። ከአምስት ዓመት ወዲህ የጎልማሶች ትምህርትም ተጨምሮበታል። ትምህርቱ የሚሰጠው በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ መጽሐፉም ስለ እርከንና ስለ ኮምፖስት ስለሚያወራ፣ ቁጥጥሩ ለእሱ ይሁን ተባለ። ማን እንዳለ አያስታውስም። ደብዳቤው ግን ፋይሉ ውስጥ አለ።

ሞተር ብስክሌት ነበረችው። በጦርነቱ ዓመት ሄደች፤ ማን እንደወሰዳት ሦስት ዓይነት ወሬ አለ። አሁን በእግሩ ይሄዳል። ግራ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከፋበታል።

ገና ጀማሪ ሳለ፣ በሌላ አካባቢ ሲሠራ፣ ሁለት መቶ አርባ የኮምፖስት ጉድጓድ ተቆፍሯል የሚል ሪፖርት ደረሰው። ሦስት ቀን ዞሮ አሥራ ሰባት አገኘ፤ ከአሥራ ሰባቱ በአንዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ሄዶ ለአለቃው ነገረው። አለቃው መነጽሩን አወለቀና «ጉድጓዱ ባይኖርም ግንዛቤው አለ» አለው። ደርቤ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ መፈረም ቀለለው። አንድ ክረምት፣ መንገድ ዳር ያለች አንዲት የገብስ ማሳ ለአራት ጎብኚ ቡድን በአራት ቀበሌ ስም ስትታይ አብሮ ቆሟል። ባለማሳው መኪና ሲቆም በሰማ ቁጥር የታጠበ ጋቢ ደርቦ ይወጣ ነበር። በአራተኛው ቀን ወደ ደርቤ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬስ የየት ቀበሌ ሰው ነኝ?» አለው።

ጡረታው አምስት ዓመት ቀርቶታል። እስከዚያ አንድ ነገር ይመኛል፦ አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ፣ አይቶ፣ ያየውን ነገር ጽፎ መፈረም። ይህን ለሚስቱ ለዓለምዬ ነግሯት ያውቃል።

«ሰው መሬት ይመኛል፣ ቤት ይመኛል» አለችው፤ «አንተ ፊርማ ተመኘህ?»

በግንቦት አጋማሽ ደባርቅ ካለው የበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ስለ አስታ ሜዳ የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ነበር። በጣቢያው ለማጠቃለያ ፈተና ተቀመጡ የተባሉት ሠላሳ አንድ ሴቶች በፈተና ወረቀታቸው ላይ የጻፉት ስም፣ በመዝገቡ ላይ ካለው ከአንዱም ስም ጋር አይመሳከርም ይላል። መዝገቡ በለጠች፣ ዘቢደር፣ አልጣሽ እያለ ይወርዳል። ወረቀቶቹ ደግሞ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሚካኤል ይላሉ። ተፈታኞቹ በእውን ስለመኖራቸው ጥርጣሬ አለ። አጣሪ ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ይመጣል። ካልተመሳከረ ጣቢያው ይዘጋል፤ አስተማሪዋም በሐሰተኛ ሰነድ ትጠየቃለች።

ደርቤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወረቀቶቹን የላከው እሱ ነው። ፖስታው ታሽጎ ነበር የደረሰው፤ ያን ቀን ጉልበቱ አብጦ ስለነበር ሳይከፍተው በጀርባው «ተረጋግጧል» ብሎ ጽፎ አሳለፈው።

በማግስቱ ወደ አስታ ሜዳ ወጣ። ከአስፋልቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። መጀመሪያ የባቄላ ማሳ፣ ቀጥሎ ድንች፣ ከዚያ ገብስ ብቻ፤ ከገብሱ በላይ ቀበሌው ስሙን ያገኘበት የአስታ ቁጥቋጦ ይጀምራል። ማሠልጠኛው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ነፋሱ የቆርቆሮውን አንድ ጥግ ገንጥሎታል። አግዳሚ ወንበሮቹ በጦርነቱ ዓመት ስለተማገዱ ተማሪዎቹ የሚቀመጡት በግንድና በድንጋይ ላይ ነው።

አስተማሪዋ ሶልያና ትባላለች። የዳባት ልጅ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ በኮንትራት የተቀጠረች። ደብዳቤውን ቆማ አንብባ መለሰችለት።

«ስማቸው ነው» አለች።

«የማን ስም?»

«የነሱ ነዋ፣ ጋሽ ደርቤ። የክርስትና ስማቸው።»

ደርቤ ግንድ ላይ ተቀመጠ። «ፈተናው ‹ስም› ሲል መዝገብ ላይ ያለውን ማለቱ እኮ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እነሱ ግን ‹ስምሽን ጻፊ› ሲባሉ የጻፉት መጻፍ የተማሩትን ነው።»

«አንቺስ እንደዚያ ነው ያስተማርሻቸው?»

«እኔ ፊደል ነው ያስተማርኩት። ስሙን ራሳቸው ናቸው የገጣጠሙት።»

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። በመጀመሪያው ዓመት በመጽሐፉ መሠረት አስተማረች። የመጀመሪያው ትምህርት «እርከን» የሚለውን ቃል መጻፍ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ወዲያው ስድስት ሆኑ፤ በጥር ሁለት ቀሩ። «እርከንማ ባሌም ሠርቶታል፤ ስሙን ባውቀው ምን ይጨምርልኛል?» ብላ የሄደች አለች። ቀጥሎ እትዬ አልጣሽ መጡ። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ መሬታቸውን ራሳቸው የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። በር ላይ ቆመው አንዲት ነገር ብቻ መጻፍ እንደሚፈልጉ ነገሯት። ሶልያና ምን እንደሆነች ስትጠይቃቸው እምቢ አሉ።

«ፊደሉን ሁሉ ስጪኝ» አሉ፤ «የምፈልገውን እኔ ለቅሜ አወጣለሁ።»

በአስታ ሜዳ ሰው በዓለም ስሙ ይጠራል። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት የንስሐ አባቱ፣ እናቱና የክርስትና እናቱ ወይም አባቱ ናቸው። ለሌላ አይነገርም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው በዚያ ስም ብዙ ነገር ሊያደርግ ይችላል ተብሎ ይታመናል። በጸሎት የሚታሰበው ግን በዚሁ ስም ነው። የታመመ፣ የተጨነቀ፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለቄሱ ይሰጣል። መጻፍ የማይችል ማስጻፍ አለበት፤ ለማስጻፍ ደግሞ ለጎረቤት የተማሪ ልጅ ወይም ለአንዱ ዲያቆን በጆሮው መንገር አለበት። ሴቶቹ በዚህ ሲሳቀቁ ኖረዋል። እትዬ አልጣሽ በፋሲካው ሳምንት በገዛ እጃቸው የጻፉትን ወረቀት አጥፈው ለቄስ መልከ ጼዴቅ ሲሰጡ ሌሎቹ አዩ። በሚቀጥለው ሰኞ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች መጡ። በዓመቱ ሠላሳ አንድ ሆኑ።

«ታዲያ የትኛዋ የቱን እንደጻፈች ንገሪኝና አንድ በአንድ እናመሳክረው» አለ ደርቤ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? አንቺ አይደለሽም የፈተንሻቸው?»

«ወረቀቱን ገልብጠው ነው የሰጡኝ። እኔም ገልብጬ ነው ፖስታ ውስጥ የከተትኩት። ጋሽ ደርቤ፣ ከፍቼ ባየው ኖሮ በማግስቱ አንዲትም አትመጣም ነበር።»

«በመዝገብ ስማቸው እንደገና ይጻፉልና።»

«የሚችሉት ግማሾቹ ናቸው። ‹ዘቢደር› ለመጻፍ እኮ ገና ነን። ደግሞ ፈተና በዓመት አንድ ጊዜ ነው ብለው የጻፉልን እነሱ ናቸው።»

በዚህ መሀል እትዬ አልጣሽ ራሳቸው ከገብስ ማሳቸው መጡ። ደርቤን ወደዚህ ከተዛወረ ጀምሮ ያውቁታል።

«አንተ ደርቤ፣ ሊዘጉት ነው አሉ?»

«ከማን ሰሙ?»

«ከፊትህ። ከመንገድ ጀምሮ እያየሁህ ነው የመጣሁት፤ ለቅሶ ቤት የምትሄድ ነው የምትመስለው።»

ነገሩን አስረዳቸው። ጨርሰው ሰሙትና ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመለከቱ።

«የራሴን ጨርሻለሁ» አሉ። «የሙታኖቼ ነው የቀረኝ። ባሌ አለ፣ ሦስት ልጆቼ አሉ፣ እናቴ አለች። ለነሱ ‹ተ›ን ከ‹ክ›፣ ‹ሃ›ን ከ‹ይ› ማገጣጠም አልለመድኩም። አንድ ዓመት ብታቆይልኝ ይበቃኛል።»

«ስምዎን ለሰውየው ቢነግሩት ይቆያል።»

«እሱን ተወው።»

ደርቤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጉልበቱ ጥዝጥዝ ይለው ነበር። በሕይወቱ ለማየት ሲመኝ የኖረው ይህን ነበር፦ በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር፣ መሬት ላይም ያለ። ሁለት መቶ አርባው ጉድጓድ አልፎ፣ በአራት ስም የታየችው ማሳ አልፋ፣ እውነተኛዎቹ ሠላሳ አንድ ሴቶች ወደቁ።

ግንቦት ሃያ አንድ ለማርያም ስለሆነ ማሳ የሚነካ የለም። ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ ነጭ እንደለበሱ ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። አጣሪው ቴዎፍሎስ ይባላል። ከሠላሳ ብዙም አያልፍም፤ ትሑት ነው፤ ዳገቱ አድክሞት ላቡን ይጠርጋል። መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ቀርቷል። ከቦርሳው ሠላሳ አንዱን ወረቀት አወጣ።

«እናቶቼ፣ ብዙ አላቆያችሁም» አለ። «ስም ስጠራ ‹አቤት› ትላላችሁ፤ እኔ ከመዝገቡ ጋር አያይዛለሁ፤ በቃ።»

የመጀመሪያውን ወረቀት አንሥቶ ጠራ። ማንም አቤት አላለም። ሁለተኛውን ጠራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። በለጠች የምትባለው ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ሦስተኛውን ሊጠራ ሲል እትዬ አልጣሽ ከድንጋያቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ ዝም በል።»

«ምን አጠፋሁ፣ እማማ?»

«እናትህ በክርስትና ስምህ ገበያ ላይ ትጠራሃለች?»

ቴዎፍሎስ ወረቀቶቹን በደረቱ ላይ ገለበጣቸው። ከዚያ ወደ ደርቤ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አቶ ደርቤ፣ ነገሩ ይገባኛል። እናቴም እንደዚሁ ናት። ግን እኔ የታዘዝኩት ስም ከስም ላመሳክር ነው። እነዚህ ሴቶች እነዚህን ወረቀቶች ለመጻፋቸው ምን ይዤ ልሂድ?»

ደርቤ ሴቶቹን አየ፤ ቤቱን አየ። ወለሉ ላይ ሶልያና ትናንት ያነጠፈችው ሰሌን አለ።

«ይደርድሯቸው» አለ።

«ምኑን?»

«ወረቀቶቹን፣ ሰሌኑ ላይ። ስሙ ወደ ላይ ይሁን። እያንዳንዷ ብቻዋን ትግባና የራሷን አንብባ ታንሣ። ከሠላሳ አንድ ወረቀት መሀል የራሷን ማግኘት ማንበብ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ቴዎፍሎስ «የሌላዋንስ ብታነሣ?» አለ።

«የወረቀቱ ባለቤት የራሷን አጥታ ባዶ እጇን ትወጣለቻ።»

ሴቶቹ ተማከሩ። ምክክሩ ረጅም ነበር፤ አንዷ የሌላዋን ስም ሰሌኑ ላይ ማየቷ አይቀርም። በመጨረሻ እትዬ አልጣሽ «ወረቀቱ ይታያል እንጂ የማን እንደሆነ አይታይም፤ ይሁን» አሉ። ደርቤ ከቴዎፍሎስ ጋር ሊገባ ሲነሣ ግን በእጃቸው ከለከሉት።

«አንተ ውጭ ሁን።»

«እኔ ነኝኮ የምፈርመው፣ እትዬ አልጣሽ።»

«እሱ ነገ ይሄዳል፤ ፊታችንንም ይረሳዋል። አንተ ሁላችንንም ታውቀናለህ። ውጭ ሁን።»

ሴቶቹ ሳቁ። ደርቤ ውጭ ሆነ።

በገደሉ በኩል ተቀምጦ የምትገባውንና የምትወጣውን ቆጠረ። አንዷ ትገባለች፤ ሳትቆይ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ በጡቷ መሀል እየከተተች ትወጣለች። አንዳንዷ ቶሎ፣ አንዳንዷ ቆይታ። እትዬ አልጣሽ እንደ ገቡ ወጡ። «የኔ ከሩቅ ነው የጠራኝ» አሉ። ሃያ ስምንተኛዋ ዘቢደር ነበረች። በጣም ቆየች። ደርቤ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ባዶ እጇን ወጥታ ለሶልያና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ከቀሩት አራት ወረቀቶች ሁለቱ ተመሳሳይ ስም አለባቸው፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ አልለየችም። ሶልያና «የእጅሽን ጽሑፍ አታውቂውም?» አለቻት።

ዘቢደር አሰበችና «ያን ቀን ራሴን ቅቤ ተቀብቼ ነበር» አለች። ተመልሳ ገባች። ቅቤ የነካውን ይዛ ወጣች።

ሠላሳ አንደኛዋ ስትወጣ ቴዎፍሎስ በር ላይ ቆመ። ሰሌኑ ባዶ ነበር።

«ሁሉም አነበቡ» አለ። «በጣታቸው እየተከተሉ ነው ያነበቡት። አንዷ ‹ወለተ› ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሳለማለች።» ቦርሳውን ከፈተ። «አሁን ወረቀቶቹን ይመልሱልኝና እንሂድ።»

ማንም አልተነሣም።

«እናቶቼ፣ ሰነድ እኮ ነው።»

«ስሜን ፖስታ ውስጥ ከታችሁ ደባርቅ ድረስ አዞራችሁት» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ቤቱ ገብቷል። ከዚህ በኋላ አይወጣም።»

ቴዎፍሎስ በሪፖርቱ ያየውን ጻፈ። ደርቤም በዚያው ሳምንት በነጭ ወረቀት አንድ ገጽ ጻፈ፤ «ተረጋግጧል» የምትለውን ቃል አልተጠቀመባትም። ሠላሳ አንድ ሴቶች እንደገቡና ሠላሳ አንድ ወረቀት ይዘው እንደወጡ ውጭ ተቀምጬ ቆጥሬአለሁ አለ። እሱ ራሱ ሲያነቡ እንዳላየም ጻፈ፤ እውነት ስለሆነ። ማኅተም አደረገበትና ላከው።

መልሱ በነሐሴ መጣ። የፈተና ወረቀት ስላልተያያዘ ሠላሳ አንዱም ተፈታኞች እንዳላለፉ ተቆጥሯል። ስለዚህ ጣቢያው አይዘጋም፤ አስተማሪዋም አትጠየቅም፤ ሴቶቹ በመስከረም ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ተብለው እንደ አዲስ ይመዝገቡ፤ አለመቻላቸውንም ሱፐርቫይዘሩ በፊርማው ያረጋግጥ።

ደርቤ ለቴዎፍሎስ ደወለለት።

«አይተሃል እኮ!» አለው። በእርስዎ መጥራቱን ረስቶት ነበር።

«አይቻለሁ፣ ጽፌአለሁም። ቅጹ ግን ‹የተያያዘ ሰነድ ብዛት› ይላል። ዜሮ ነው የሞላሁት፤ ሌላ ምን ልሙላ?» መስመሩ ተቆራርጦ ተመለሰ። «አቶ ደርቤ፣ ልምከርዎት። ቢከራከሩ ሊያሸንፉ ይችላሉ። ግን ማንበብ ይችላሉ ከተባለ የአስታ ሜዳ ዙር አልቋል ማለት ነው፤ ሰሌዳውም አስተማሪዋም ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራሉ። አይችሉም ከተባለ ሌላ ሁለት ዓመት አላቸው።»

«እና ልዋሽ ነው የምትለኝ?»

«እኔ አላልኩም። ቅጹን ነው የነገርኩዎት።»

ደርቤ ክርክሩን በረቂቅ ጻፈው። ሦስት ገጽ ሆነ። ዓለምዬ ራት ስታቀርብ አነበበላት።

«ጥሩ ነው» አለች። «እነሱ ግን የሚፈልጉት የቱን ነው? ማንበብ ይችላሉ መባሉን ነው ወይስ ማንበቡን?»

ረቂቁን አጥፎ መሶቡ ሥር አኖረው።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ የምዝገባውን ቅጽና የቀለም ፓዱን ይዞ ወደ አስታ ሜዳ ወጣ። ገብሱ ዘለላ አውጥቷል። ቅጹ «የተመዝጋቢዋ የአውራ ጣት አሻራ» ይላል፤ ፊርማ የሚል ቦታ የለውም። ነገሩን አስቀድሞ ለሶልያና ነግሯት፣ እሷም ለሴቶቹ ነግራቸው ነበር። እትዬ አልጣሽ የመጀመሪያዋ ሆነው ቀረቡ።

«አሁን ደግሞ መሃይም ሆንን?»

«ለሁለት ዓመት ብቻ ነው።»

«እንካ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከቀለሙ ቅጹ ላይ ጫኑ። «በደንብ አልወጣም። ልድገመው?»

«ይበቃል፣ ይበቃል።»

«አይ፣ መንግሥት መሃይምነቴን ይጠራጠር ይሆናል።»

ሴቶቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከእሳቸው በኋላ በለጠች፣ ዘቢደር፣ ሌሎቹም እየተሳሳቁ አሻራቸውን አሳረፉ። ደርቤ አልሳቀም። ሠላሳ አንዱን ሰማያዊ አሻራ ከላይ እስከ ታች ቆጠረ፤ ሙሉ ነበር። በታችኛው ጥግ «ከላይ የተዘረዘሩት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ መሆናቸው» ይልና ቦታ ይተዋል። እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። እትዬ አልጣሽ ከጎኑ ቆመው ጽሑፉን በጣታቸው ተከተሉ፤ «የማይ» ላይ ቆም አሉ፣ ከዚያ ዘለቁ።

«ጻፍ» አሉት ቀስ ብለው። «ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው።»

«ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙን።

ሶልያና ሰሌዳው ላይ «ሀ» ጻፈች፤ በቅጹ መሠረት ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው። እትዬ አልጣሽ ግንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከጡታቸው ስር አንድ ብጣሽ ወረቀት አወጡ፣ እንደገና አጥፈው መለሱት፣ አዲስ ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘረጉ።

«እሱን እለፊው፤ ‹ተ› ላይ አድርሺኝ» አሉ።

ደርቤ ቅጹን በካኪ ቦርሳው ከተተ። በትሩን ይዞ ወጣና ቁልቁለቱን ጀመረ። ግራ እግሩን በጎን እያሳረፈ፣ በየእርከኑ እየቆመ፣ አስፋልቱ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ወሰደበት።